ለማንም አትክፈይ

ሐዋ እንድሪስ ቬልማር በገባች በማግሥቱ መናፈሻ ውስጥ ሰገደችና አስከፈሏት። ያረፈችበት ቤት ሩቅ ነበር፤ የዙህር ሰዓት ደርሷል፤ ሣሩ ደግሞ ከሥሩ ስለሚሞቅ ደረቅና ንጹሕ ነው። መስገጃዋን አንጥፋ ግንባሯ መሬት በነካ ቁጥር ጆሮዋ ውስጥ የሰካችው የሽንብራ ፍሬ የምታክል ነገር «ጋደም ማለት፤ ተከፍሏል» ትላታለች። ሰግዳ ስትጨርስ በፓላ አቆጣጠር ስምንት ጊዜ ጋደም ብላ ነበር። «ይሁን፤ አላህ ይቀበለው» አለችና መስገጃዋን አጠፈች።

ፓላ በዚያች ከተማ ነዋሪውም እንግዳውም በስልኩ የሚይዘው መክፈያ ነው። ያለ እሱ የሚከፈት በር፣ የሚቀዳ ውሃ፣ የሚሳፈሩበት ትራም የለም። ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ ያለፈው ለወንበሩ ይከፍላል። ከየመንገዱ አንዱ ዳር ከሥሩ ይሞቃል፤ በዚያ የሚሄድ በእርምጃ ይከፍላል፣ በሌላው ዳር የሚሄድ ውርጩን ይረግጣል። መጀመሪያ ቀን ሐዋ «ተከፍሏል» የሚለውን ድምፅ በሰማች ቁጥር «አላህ ይስጥልኝ» ትል ነበር፤ ከፋይዋ ራሷ መሆኗን ስታስታውስ ተወችው። ከሁሉ ያስቀየማት ፓላ በአማርኛ ሲያናግራት አንቺ ማለቱ ነው። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ደሴ ላይ አንቺ የሚላት ከእናቷ ልጆች በቀር ብዙ ሰው አልነበረም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነውና ደሴም ቢሆን ብር በእጅ መቁጠር ከቀረ ቆይቷል። ሐዋ መናኸሪያ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ስትሸጥ የኋለኛውን አሥራ አምስት ዓመት ብር በዓይኗ አላየችም። ሰዉ ግን አልተለወጠም። «የእሳቸውን በእኔ»፣ «አይሆንም፣ እኔ እያለሁ»፣ «ኧረ በሞቴ» እየተባባለ፣ ስልክ ለስልክ እየተገፋፋ፣ ለአማቹ እከፍላለሁ ሲል አውቶቡሱ ያመለጠውን ስንቱን አይታለች።

ቬልማር የመጣችው ለሽርሽር አይደለም። ልጇ አንዋር እዚያ ወደብ ላይ የመርከብ ሞተር ሲጠግን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሳይሞላው ልቡ ታመመ፤ ረቡዕ ጠዋት ቀዶ ጥገና ሊያደርጉለት ቀጠሮ ያዙለት። ሐኪሙ ይህ ወር ካለፈ የሚጠገን ነገር አይኖርም ብሏል። ከመነሣቷ በፊት አንዋር ደውሎ ትንፋሹ እየተቆራረጠ አንድ ነገር ነገራት።

«እማዬ፣ እዚህ ስትገቢ ምሳዬን በየቀኑ አንቺ ክፈይ። ከኔ ሌላ ለማንም አትክፈይ።»

«ደግሞ ለማን ልክፈል ብለህ ነው? ማንን አውቃለሁ?»

«ለማንም። ሻይም ቢሆን። ስትመጪ አስረዳሻለሁ።»

ሐዋ ስልኩን ዘግታ ለጎረቤቷ «የሰው አገር ልጄን ቆንቋና አደረገብኝ» አለቻት። ተከፋች እንጂ አልተቆጣችም፤ የታመመ ሰው ብዙ ይናገራል።

ለማስረዳት ግን አልተገናኙም፤ ሆስፒታል የተኛ ሰው ስልክ አይያዝም። ሆስፒታሉ የቅርብ ሰው ያልሆነን አያስገባም አሏት። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቅ ዘበኛው በሩ አጠገብ ወዳለው ሣጥን ጠቆማት፤ ስልኳን ሣጥኑ ላይ ዘርግታ ለአንዋር ምሳ ከፈለች። ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት አንድ እጅ ተወዛወዘላት። እጁ መቅጠኑን ከዚያ ርቀት አየችው።

ያ እሑድ ነበር። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ደግሞ ትራም ጣቢያው መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ አይታ ነበር። ቆመው የጉዞ ሰሌዳ ያነባሉ። የሚያነብ መንገደኛንና የሚያነብ መስሎ የቆመን መለየት ለሐዋ ሥራዋ ነበር። ካፖርታቸው ንጹሕ፣ ጫማቸው የተወለወለ ነው፤ በሩ ግን ሲጠጉት አይከፈትላቸውም። ወደ ኋላ ይሉና ሰሌዳውን እንደገና ያነባሉ። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ በአጠገባቸው ያልፋል።

ሐዋ ስልኳን ዘረጋችና «የእሳቸውንም» አለች። የልጇ ቃል ትዝ ሳይላት ቀርቶ አይደለም፤ ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ እያየች ማለፉን ስላልቻለችበት ነው።

ሽማግሌው ደነገጡ። ሁለት እጃቸውን አወዛወዙ፣ በቋንቋቸው ቶሎ ቶሎ ተናገሩ። ስልኳ «አይሆንም። እባክሽ። አይሆንም» ብሎ ተረጎመላት። ሐዋ ፈገግ አለች። በሷ አገር አንዴ ሲሉት ዘው ብሎ የሚቀበል ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። «ኧረ በሞቴ» ብላ ትከሻቸውን ገፋ አደረገች፤ በሩ ተከፈተ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ሰኞ ሾርባ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው። በመስታወቱ ውስጥ የሌላውን ሰሐን ያያሉ። አሁንም እምቢ አሉ፤ እንዲያውም ሸሹ፤ እሷም ካፖርታቸውን ይዛ አስገባቻቸው። የምስር ሾርባውን ሲጠጡ ማንኪያው ጥርሳቸውን እየመታ ይጮህ ነበር። ሐዋ ይሉኝታ መስሏት ፊቷን አዙራ ጠበቀቻቸው። ቀትር ላይ ሄዳ የአንዋርን ሁለተኛ ምሳ ከፈለች፤ እጁ ከመስኮቱ ታየ።

ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ትራም ጣቢያው ላይ ቆመዋል። ሐዋ ስልኳን ስትዘረጋ እምቢ አላሉም። ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ አሉና ገቡ። «ለመዱኝ» አለች በልቧ። ስልኳ ሰማያዊ አበራ። «እንኳን ደስ አለሽ» አላት ፓላ። «የቅርብ ሰው አግኝተሻል።» ሐዋ እንደ ምርቃት ቆጠረችው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ ሣጥን ሦስተኛውን ምሳ አልቀበልም አላት። «ክፍያው አይፈቀድም። የቅርብ ሰው አለሽ።» ስልኳን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ እንደገና ዘረጋች፤ ያው ነው። ጽሕፈት ቤት አስገቧት። ከመስታወት ጀርባ ዓይኗ የደከመ ወጣት ጸሐፊ ተቀምጣለች። ጸሐፊዋ በቋንቋዋ ተናገረች፤ ስልኩ በአማርኛ አስተጋባ።

«የቅርብ ሰው የሌለው ሕመምተኛ ቀዶ ጥገና አይደረግለትም» አለች። «ቢድን ማን ይረከበዋል? ቢሞት ማን ይረከበዋል? ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልቀረበለት ወረፋው ያልፋል። ቀጣዩ ከአራት ወር በኋላ ነው።»

«እናቱ እኮ ነኝ።»

«እሱ ለአንቺ ዘጠኝ ዓመት ከፍሏል። ያ ይታየኛል፤ ለመኖር ይበቃዋል፣ ለቀዶ ጥገና ግን የሚከፍልለት ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ለእሱ ሁለት ምሳ ብቻ ነው የከፈልሽው። ሦስት ቢሞላ የቅርብ ሰውሽ ይሆን ነበር። አሁን ግን በሌላ ሰው ሞልቷል። ለእንግዳ የሚፈቀደው አንድ ነው።»

«ዘጠኝ ወር በሆዴ ይዤዋለሁ። ሁለት ዓመት አጥብቼዋለሁ።»

ጸሐፊዋ አልሳቀችም፤ ለመርዳት የፈለገች ትመስል ነበር። ጣቶቿን ሰሌዳው ላይ አድርጋ «በየትኛው መለያ ነው የተከፈለው?» ብላ ጠየቀች።

ሐዋ ቦርሳዋን ከፍታ የልደት ወረቀቱን፣ የቀበሌውን ማኅተም፣ የአንዋርን የሕፃንነት ፎቶግራፍ አወጣች። ጸሐፊዋ በትሕትና አየቻቸውና መለሰችላት። ወረቀት ማንም ይጽፈዋል አለች፤ በዚህ ከተማ ዝምድና የሚታየው ማን ለማን እንደሚከፍል ነው። መፍትሔው አንድ ነው፤ ምድር ቤት ያለው የማሰናበቻ ክፍል። የተከፈለለት ሰው ራሱ መጥቶ በአፉ መናገር አለበት።

«ምን ብሎ?»

«ሰው የለኝም ብሎ።»

ሐዋ ወጥታ ግድግዳው ላይ ተደገፈች፤ ግድግዳ መደገፍ አያስከፍልም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ልጇ ለማንም አትክፈይ ሲላት ስስት መስሏት ነበር፤ ለካ ሕይወቱን ነው አደራ ያላት። ራሷን ጠላች። ከዚያ ሽማግሌውን ጠላች፤ እሳቸውን መጥላት ይቀል ነበር።

ስልኳ ላይ አዲስ ነገር ወጥቶ ነበር፤ የቅርብ ሰውሽ ያለበት ቦታ ይላል። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ከወደቡ አጠገብ ቆማለች። በሞቀው ዳር እየሮጠች ሄደች።

የሽማግሌው በር ገና ሳታንኳኳ ተከፈተላት። ሃልደር ይባላሉ፤ ስማቸው በሩ ላይ በርቷል። በሸሚዝ ተቀምጠዋል፤ ያለ ካፖርት ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው፤ ትንሽ ሰው ናቸው። ክፍሉ ይሞቃል። የውሃው ቧንቧ ክፍት ነው፤ እሳቸውም ዝም ብለው ውሃው ሲፈስ ያያሉ።

«ነገሩን ያውቁ ነበር?» አለች ሐዋ፤ ትንፋሿ ሳይመለስ።

«ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩሽ» አሉ።

«በእኛ አገር እምቢ ማለት ወግ ነው።»

«እዚህ እምቢ ማለት እምቢ ማለት ነው።» ቧንቧውን ዘጉት። «በሦስተኛው ደከመኝ።»

ሐዋ አልተቀመጠችም። ስለ አንዋር ነገረቻቸው፤ ስለ ልቡ፣ ስለ ነገ ጠዋት፣ ስለ አሥራ አንድ ሰዓት። ስልኩ ቃል በቃል ሲተረጉምላቸው ሽማግሌው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እያሹ ሰሙ። ዕድሜውን ጠየቁ፤ ነገረቻቸው።

«ባለቤቴ ከሞተች አሥራ አራት ወር ሆነኝ» አሉ በተራቸው። «ለራስ መክፈል የሚቻለው ሰው ሲኖር ነው። ሰው የሌለው አሥራ ስምንት ወር ከሞላው ወደ ዳርቻ ይወሰዳል። በአፉ ሰው የለኝም ያለ ደግሞ የዚያኑ ቀን።»

«ዳርቻ ምንድነው?»

«ከከተማው ውጭ ያለ ቤት ነው። ደርሶ መጥቶ የነገረኝ የለም።»

ሐዋ አሁን ተቀመጠች። እሷ የመጣችው ልትቆጣቸው፣ ካስፈለገም ካፖርታቸውን ይዛ ልትጎትታቸው ነበር። «ልጄ ሲድን እሱ ይከፍልልዎታል» አለች። «ወላሂ ያደርገዋል፤ እኔ አስደርገዋለሁ።»

«ዳርቻ የገባ ከፓላ ስሙ ይጠፋል። ለማን ይከፈላል?»

ከቤት ውጭ ትራም ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው ተነሥተው ካፖርታቸውን ለበሱ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እመጣለሁ» አሉ። «እስከዚያ በትራሙ አንድ ዙር ልዙር። አሥራ አራት ወር ሙሉ ከውጭ ነው ያየሁት።»

ሐዋ አብሬዎት ልሂድ ልትል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። ሰውዬው የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ልትጠይቃቸው የመጣችው ግን ያላቸውን ሁሉ ነው። «እሺ» አለች። በሩ ላይ ሲለያዩ እግዜር ይመስገን የሚል የመሰላት ነገር ተናገሩ፤ ስልኩ ግን አልተረጎመውም።

ምድር ቤት ያለው ክፍል ሁለት ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ሠራተኛ ነበረው። ሐዋ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተቀመጠች። ነጥቧ ስልኳ ላይ በከተማዋ ዙሪያ ቀስ ብላ ትዞራለች። አሥር ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ ደረሰች፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ በጣቢያው አጠገብ አለፈችና አልቆመችም። ሁለተኛ ዙር ጀመረች።

«አታለለኝ» አለች ሐዋ ጮክ ብላ። ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት።

ፓላ ያን ጊዜ ጠየቃት። «የቅርብ ሰውሽን እንቅስቃሴ መገደብ ትፈልጊያለሽ? በሮች ይዘጋሉ፤ ጠባቂዎች ያመጡታል።» ከሥሩ አዎ የሚል አረንጓዴ ክብ አለ። ሐዋ ጣቷን ከክቡ በላይ ያዘች። አስመጥታ በግድ ልታስነግራቸው ትችላለች፤ የሚከለክላት ሕግ የለም። ፎቁ ላይ ልጇ በባዶ ሆዱ ተኝቷል፤ ሦስተኛው ምሳ አልገባለትም። እናት ብትሆኚ ትጫኚው ነበር እያለች ራሷን ሰደበች። አልሐምዱሊላህም አስተግፊሩላህም አለች፤ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ አላወቀችም። ጣቷ ደነዘዘ። አልተጫነችውም፤ አለመጫኗም ደግነት ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አይገባትም።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሽማግሌው ገቡ። በእጃቸው ትንሽ ቦርሳ ይዘዋል። ጉንጫቸው በብርድ ቀልቷል። «በባሕሩ በኩል ፀሐይ ነበር፤ ሁለተኛ ዙር ሄድኩ» አሉ፤ እንደ ይቅርታ ነበር አነጋገራቸው።

ሠራተኛው ቃሉን አነበበላቸው። ሦስት ጊዜ መነገር አለበት፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ ማቋረጥ ቢኖር ከመጀመሪያው ይጀመራል።

«ሰው የለኝም» አሉ ሃልደር።

ሠራተኛው ምልክት አደረገ።

«ሰው የለኝም።»

ሦስተኛው አልወጣም። ሽማግሌው መስታወቱን ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥራ አንድ ሊል አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ሐዋ እንዳይሉት ተመኘች፤ ቶሎ እንዲሉትም ተመኘች። ደቂቃዋ ተለወጠች። የአንዋር እጅ መስኮቱ ላይ ታያት።

«በሉ አባቴ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረው።»

ሃልደር ዞር ብለው አዩዋት። አልተቀየሟትም፤ ቢቀየሟት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወደ መስታወቱ ተመለሱና አሉት።

«እውነት ነው?» አለ ሠራተኛው ሐዋን።

«እውነት ነው።»

በጎን በኩል አንድ በር ተከፈተ። በዚያች ከተማ ያለ ክፍያ ሲከፈት ያየችው የመጀመሪያ በር ነው። ሽማግሌው ቦርሳቸውን አንሥተው በዚያ ገቡ፤ እሷም ደህና ሁኑ ለማለት ጊዜ አልነበራትም፤ ወደ ሣጥኑ ሮጠች።

ሣጥኑ ሦስተኛውን ምሳ ተቀበለ። የሆስፒታሉ በሮች በላይ በላዩ ተከፈቱላት፤ ሊፍቱ ሳትጠራው ጠበቃት። አንዋር ከስሏል፤ ጢሙ አድጓል፤ ሲያያት ሊነሣ ሞከረ።

«መጣሽ፣ እማዬ።»

«መጣሁ፣ የኔ ጌታ። አብሽር።» ግንባሩን ሳመችው፤ አንገቱ ሥር የሕፃንነቱ ሽታ ነበር።

ነርሷ ሰሌዳ ይዛ ቀረበች። «ይህ ሕመምተኛ ሰው አለው?»

ሐዋ የአልጋውን ልብስ ጫፍ አስተካከለች። ነርሷ ጥያቄውን ደገመች። አንዋር እናቱን በጭንቀት አየ።

«አለው» አለች ሐዋ።

ነርሷ ጽፋ ወጣች። ሐዋ ዕቃዋን ልታስቀምጥ ወደ መስኮቱ ሄደች። ታች ግቢው ውስጥ አንድ ነጭ መኪና ቆሟል። ሁለት ሰዎች አንድ ሽማግሌ እየደገፉ ያሳፍራሉ፤ ሽማግሌው ቀና ብለው የፎቁን መስኮቶች ተራ በተራ ያያሉ። ሐዋ መጋረጃውን ሳበችው።

«ለምን ትዘጊዋለሽ?» አለ አንዋር። «ብርሃኑን እወደዋለሁ።»

«ዓይንህን እንዳይወጋህ ነው» አለችው፤ ፊቷን ግን ወዲያው ወደ እሱ አላዞረችም።